የጠፋችው ቁጥር አርባ ሦስት

ጫንያለው አንድ ነገር ሲያስጠላው መደበቅ አያውቅበትም። ከንፈሩ ወደ ግራ ይጣመማል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ ከዚያ «ቱ!» ይላል። ምራቅ የለውም፤ ድምፁ ብቻ ነው፣ እሱም ይበቃል። ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ «ቱ!» እንደሚል ልጁ መሲ አንድ ቀን ልትቆጥር ጀምራ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰልችቷት ተወችው።

ከዚያ ሁሉ «ቱ!» አብዛኛው ለስልክ ነው። ምን ያድርግ! ደንበኛው ይመጣል፣ «ኦቦ ጫኔ፣ አካም ጂርታ፣ የአየር ፊልትሮ ፈልጌ ነበር» ይላል። የምን መኪና፣ የስንት ዓመት ምርት ተብሎ ሲጠየቅ ይቁለጨለጫል፤ የገዛ መኪናውን አያውቃትም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ያሳያል። ስልኩ ላይ ፀጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ይጨፍራል።

«ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው?»

«ቲክቶክ ነው እኮ ጋሼ።»

«ፊልትሮ ለመቀየር ይጨፈራል?»

ደንበኛው ይስቃል፤ ጫንያለው ግን አይስቅም። ለእሱ መኪና የሚወድ ሰው ማለት የሚያነብ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ማስታወቂያው ሳይቀር። የአሁኖቹ የሚያነቡት በአውራ ጣታቸው ነው። ላፍ፣ ላፍ፣ ላፍ ያደርጉታል። ግማሽ ደቂቃ ያለፈ ነገር ሲያጋጥማቸው «ኡፍ፣ ረዘመ» ይላሉ። የሞተር ዘይት መቼ እንደሚቀየር የማያውቅ ሰው ጀርመን አገር ስላለ የእሽቅድምድም መኪና ሲሟገት መስማት፣ እውነቴን ነው፣ ለጫንያለው ከሆድ ቁርጠት አይተናነስም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። «መሪና ፍሬን» የምትባል መጽሔት ነበረች። አዲስ አበባ በየወሩ ትታተማለች፤ ነቀምቴ የምትደርሰው ግን አንዲት ቅጂ ብቻ ናት። እሷም በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጥታ ነስሪን ሱቅ ትገባለች። ነስሪን ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የወለዷት፣ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥ ሴት ናት። እንኳን መኪና ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ሆኖም መጽሔቷ ስትመጣ ሱቋ በር ላይ ቆማ «ጫኔ! መጣችልህ!» ብላ ስትጣራ መንገደኛው ሁሉ ሙሽራ የመጣች ይመስለው ነበር።

አንዲቷን ቅጂ ስድስት ሰው ያነባታል። ሥርዓቱን ያወጣው ጫንያለው ነው። የኋላ ሽፋኗ ላይ የስድስቱም ስም በተራ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። አንብቦ የጨረሰ ከስሙ ፊት ለፊት ፈርሞ ለቀጣዩ ያስረክባል። ስድስተኛው ፈርሞ ሲመልሳት ጫንያለው ከሥር «ተመለሰች» ብሎ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ የባትሪ ማሸጊያ የነበረ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣታል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ ነበር፤ እጁን ሳይታጠብ መጽሔት የሚነካ የለም። ለዚህ ሲባል ሱቁ በር ላይ ጀሪካን ውኃና ኦሞ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጫንያለው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ማንበብ የማይችሉ ሹፌሮች ሳይቀሩ እጃቸውን ታጥበው ይሰበሰባሉ። ለምን ይታጠባሉ? መጽሔቷን አይነኩም እኮ! ግን ይታጠቡ ነበር።

የመጀመሪያው ተራ የጫንያለው ነው፤ ሕግ አውጪ አይደል! የመጨረሻው የጂሬኛ ነበር። ጂሬኛ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው መካኒክ፣ የጫንያለው የልጅነት ጓደኛ፣ የሞተርን በሽታ ቆሞ በማዳመጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። መጨረሻ የተደረገውም በሙያው የተነሳ ነው። «አንተ እጅህ ዘይት ነው፣ ብትታጠበውም አይለቅም፤ ሁሉም ካነበባት በኋላ ብታቆሽሻት ይሻላል» አለው ጫንያለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጂሬኛ ሳቀ። «ኤዬ፣ እሺ» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተራው ሲደርስ እስከ ክርኑ በኦሞ ፈትጎ፣ ጥፍሩን በመርፌ ጠርጎ ነበር የሚያነበው። አንድም ገጽ አላቆሸሸም። ጫንያለው ይህን ልብ ብሎት አያውቅም።

አሁን ወደ ቁጥር አርባ ሦስት እንምጣ።

በዚያ ወር መጽሔቷ ውስጥ፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ የጫንያለው ደብዳቤ ወጣ። ስንት ደብዳቤ ልኮ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ በመጨረሻ አንዱ ታተመ። እንዲህ ብሎ ይጀምራል፤ «የኑኑ ቁምባ መንገድ አቧራ ሚጥሚጣ ነው፤ ሞተርዎን ሳያስነጥስ አያልፍም።» ከዚያ ዋናውን ምክር ይሰጣል። በበጋ ፊልትሮ በየሳምንቱ ይፈታ፤ በአየር ግፊት ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የነፋ ሰው አቧራውን በእጁ ለሞተሩ እያጎረሰ መሆኑን ይወቅ። ከሥር በደማቁ፣ «ጫንያለው፣ ከነቀምቴ»። በዚያ ሰሞን ጫንያለውን ማን ይቻለው! መጽሔቷ ኮት ኪሱ ውስጥ ናት፣ ለቅሶ ቤት ናት፣ ፀጉር ቤት ናት። ሰው ሰላም ሳይለው ገጽ አሥራ ዘጠኝን ያሳየዋል።

ሁለት ወር አልፎ ሳጥኑን ሲያደራጅ አርባ ሁለት አለች፣ አርባ አራት አለች፣ አርባ ሦስት የለችም። ሳጥኑን ገለበጠው። ሱቁን በረበረው። የሺአረግን፣ ሚስቱን፣ አልጋ አስነስቶ አስፈለጋት። የለችም። መጨረሻ ላይ ማን ነበር? ጂሬኛ! ጋራዡ ድረስ ሄዶ በሠራተኞቹ ፊት ጠየቀው።

«መልሼልሃለሁ» አለ ጂሬኛ፣ ከመኪናው ሥር እንደተኛ።

«አልመለስክም።»

«ፈርሜ ነው የመለስኩልህ፣ ጫኔ። አንተም ፈርመሃል።»

«ፊርማው የታለ? አሳየኝ!»

የጠፋ መጽሔት ፊርማ ከየት ይምጣ? ጂሬኛ ከመኪናው ሥር ወጣ፣ አየው፣ ተመልሶ ገባ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። ሰባት ዓመት። ሠርግ ላይ ቢገናኙ አንዱ በዚህ በር ሲገባ አንዱ በዚያ ይወጣል። ጂሬኛ ቅዳሜ መምጣቱን ተወ። መጽሔቷም ሰባ ሁለተኛ ቁጥሯን አትማ፣ «ከእንግዲህ በቴሌግራም ይከተሉን» ብላ ሞተች። ቱ! አንባቢ ያነባል እንጂ ይከተላል? ለጫንያለው ሰባ አንድ መጽሔትና አንድ ቂም ቀሩለት።

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ነው እንግዲህ መሲ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኳን ይዛ ሱቁ የገባችው።

«አባዬ፣ አንዴ ይኼን ስማ። ግን እንዳትናደድ።»

ስልኩ ላይ ያለው ሮቤራ ነው። ሮቤራን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ መኪና የሚያሻሽጥ፣ ነጭ ጫማ የሚያደርግ፣ በየቀኑ ስለ መኪና ቪዲዮ የሚለቅ ሰው ነው። አንዲት የቆመች መኪና አጠገብ ሆኖ ፊልትሮ ይዟል። አፉን ከፈተና፣ «ወገኖቼ! የኑኑ ቁምባ መንገድ አቧራ ሚጥሚጣ ነው፤ ሞተርዎን ሳያስነጥስ አያልፍም!» አለ።

ጫንያለው ክው አለ። የራሱ ቃል! ሮቤራ ቀጠለ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ ይላል። እጁ ግን የአየሩን ቱቦ ከውጭ በኩል ደግኖ ፊሽ፣ ፊሽ ያደርገዋል። አፉ የጫንያለውን ምክር ይናገራል፣ እጁ የተከለከለውን ይሠራል። በመጨረሻ «ይህ በግል ልምዴ የደረስኩበት ነው፣ ላይክ ማድረግ አትርሱ» ብሎ ጣቱን ቀስሮ ጠፋ። ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል።

ቆሽቱ አረረ። ሌብነቱስ ሌብነት ነው፤ ከሌብነቱ ይልቅ ያቅለሸለሸው አለማንበቡ ነው። የሰረቀውን እንኳ አላነበበውም! ስልኩን ከልጁ እጅ ተቀብሎ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ ቪዲዮው ሥር ጻፈ፤ «ይህ ጽሑፍ የእኔ ነው። በመሪና ፍሬን መጽሔት፣ ቁጥር አርባ ሦስት፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ታትሟል።»

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ፣ «አባባ፣ ከቪዲዮው ኮርጀው ሊያሞኙን ነው እንዴ» አለ። ሌላው፣ «መጽሔት ደግሞ ምንድነው?» አለ። ሦስተኛው፣ «ካለ አሳዩና፤ ማስረጃ!» አለ። ማስረጃ! ሰባ አንድ መጽሔት ሳጥን ሙሉ ተቀምጦ የምትፈለገው አንዲቷ ብቻ የለችም። ጫንያለው ስሙን የቀሙት መሰለው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ የታተመች ስሙ ናት፣ እሷንም ኮረጃት ሊሉ ነው።

የዚያኔ ነው ጂሬኛ ትዝ ያለው። ገጹ ሮቤራ እጅ ከገባ መጽሔቷ የሆነ ቦታ አለች ማለት ነው። ማን ጋ ነበረች? እንደገና ጣቱን አነሳ።

«አባዬ፣ የሰው ስም አትጥራ» አለች መሲ። «እዚህ የተጻፈ አይመለስም።»

«እውነት ነው የምጽፈው።»

ጻፈ። «ማስረጃዬን የሰረቀኝ የነቀምቴው መካኒክ ጂሬኛ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ወስዶ ሳይመልስ ቀረ። አሁን ለዚህ ልጅ የሰጠውም እሱ ነው።»

ጉድ ፈላ! እስከ ማግስቱ ጠዋት አራት ሺህ ሰው ወደደለት። ስድቡ ቀረና «አይዞን አባባ» ሆነ። ጫንያለው፣ ያ ስልክ ባየ ቁጥር «ቱ!» የሚለው ሰውዬ፣ መሲ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት «እስቲ አሁን ስንት ደረሰ?» ይላት ጀመር። ምሳ ላይም ይጠይቃታል። አንድ ቀን ደንበኛ አስቁሞ በደንበኛው ስልክ አሳየኝ አለው። እሱ በጻፈው ነገር ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ አያውቅም፣ ቢደላው ምን ይገርማል።

ሮቤራ ይህን ያጣዋል? ሁለተኛ ቪዲዮ ሠራ። «የነቀምቴ አባቶች የመጽሔት ጦርነት» ብሎ የጫንያለውን ጽሑፍ ከነስሙ፣ የጂሬኛን ጋራዥ ከነታፔላው አወጣው። ያኛው ሁለት መቶ ሺህ ነው ያየው፤ ይሄኛው ስድስት መቶ ሺህ አለፈ። ጂሬኛ ጋራዥ በር ላይ የሚያልፍ አይሱዙ ሁሉ ክላክስ እያደረገ «ኦቦ ጂሬኛ፣ መጽሔቱን መልስ!» ይላል። ጂሬኛ አልመለሰም፣ አልተሳደበም። መኪናው ሥር ተኝቶ ሥራውን ሠራ። ዝምታው ለጫንያለው የጥፋተኛ ዝምታ መሰለው።

እንግዲህ የቀረችው አንድ ነገር ናት፤ ሮቤራ ራሱ አፍ አውጥቶ «ጂሬኛ ነው የሰጠኝ» እንዲል። ጫንያለው ኮቱን ደርቦ ሮቤራ የሚቀመጥበት ካፌ ሄደ። ሮቤራ አላፈረም፤ ተነስቶ ወንበር ሳበለት።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ፎቶ እንነሳ!»

«ፎቶህን ተወው። ገጹን ማን ሰጠህ?»

«ግሩፕ ላይ ነው ያገኘሁት።»

«ጂሬኛ ነው የለቀቀው፣ አይደል?»

«ጂሬኛን በመልክም አላውቀው፣ ታፔላውን ነው ያነሳሁት። የሹፌሮች ግሩፕ ላይ ነው፣ ይኸውልዎ።» ስልኩን አሳየው።

ገጽ አሥራ ዘጠኝ ናት። ንጹሕ ላስቲክ ላይ ተዘርግታለች። የለቀቀው «ታፋ ጎሚስታ፣ ሲሬ» የሚል ስም ነው፤ ከሥሯ እንዲህ ጽፏል፤ «ይህን የጻፉልን የነቀምቴው ጋሽ ጫንያለው ናቸው። ወደ ኑኑ ቁምባ የምትሄዱ ወንድሞች በደንብ አንብቡት።»

ጫንያለው ሁለቴ አነበበው። «ስሜ አለ እኮ! ለምን አልጠራኸኝም?»

«ግማሽ ደቂቃ ናት ያለችኝ ጋሼ፣ ስም አይገባም።»

«ፊልትሮውንስ ለምን ከውጭ ነፋኸው?»

«ከውስጥ ሲነፋ አቧራው ልብሴ ላይ ይመጣል።»

ጫንያለው ነጩን ጫማ አየ፣ ነጩን ሸሚዝ አየ። «ቱ!» እንኳ አልመጣለትም። ወጥቶ ሲሄድ በሆዱ፣ ጂሬኛ መጽሔቷን ለሲሬው ጎሚስታ አሳልፎ ሰጥቷታል ማለት ነው፣ እያለ ነበር። ነገ ሄጄ እጅ ከፍንጅ ይዤ እመጣለሁ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዞ ሲሬ ወረደ። የታፋ ጎሚስታ ቤት መንገድ ዳር ናት፤ ያረጀ ጎማ ተደርድሮባታል። ታፋ አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ጎማ እያወለቀ ነበር። ቀና ብሎ ጫንያለውን ሲያይ ብረቱን ጣለው።

«ጋሼ! መጡ እንዴ! እኔ እኮ አንድ ቀን ይመጣሉ እል ነበር!»

ጫንያለው ሰውየውን አያውቀውም። «ታውቀኛለህ?»

«እንዴት አላውቅዎ! መጽሔቷን የሰጡኝ እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ?»

«ከአኖ ሠርግ ሲመለሱ። የተሳፈሩባት ላንድክሩዘር እዚህ ጎማዋ ፈነዳ። ሞቅ ብሎዎት ነበር፣ ሙሽራው የወንድምዎ ልጅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ጎማውን ስሠራ እርስዎ ቆመው ደብዳቤዎን አነበቡልኝ። ከዚያ፣ ‹ውሰድ፣ አንብብ፣ እጅህን ሳትታጠብ ግን እንዳትነካት› ብለው ሰጡኝና መኪና ውስጥ ገብተው ተኙ።»

ታፋ ይህን እያለ ወደ ውኃው በርሜል ሄደ። እጁን በሳሙና ፈተገ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀ። ከቤቱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች መጽሔት በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ሰባት ዓመት የቆየች አትመስልም፤ ጥጓ እንኳ አልታጠፈም።

«ሌላ መጽሔት ስለሌለኝ እሷኑ ደጋግሜ ነው የማነበው» አለ ታፋ፣ እንደማፈር ብሎ። «ማስታወቂያውን ሳይቀር በቃሌ ይዤዋለሁ። ስሜን ግን ከኋላዋ አልጻፍኩም። አልፈቀዱልኝማ።»

ጫንያለው ከላስቲኩ አውጥቶ ገለበጣት። የኋላ ሽፋኑ ላይ ስድስት ስም፣ ስድስት ፊርማ። ስድስተኛው፣ «ጂሬኛ»፣ ፊርማው እንደ ልማዱ ጭራው የረዘመ። ከሥሩ ደግሞ በራሱ በጫንያለው እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ተመለሰች»፤ ቀን፤ ፊርማ። የራሱ ፊርማ።

ሠርጉ ትዝ አለው። ጠጁ ትዝ አለው። ጂሬኛ ከመለሰለት በኋላ ሳጥን ሳይከታት ኮት ኪሱ ውስጥ የያዛት መጽሔት ትዝ አለችው፤ ላገኘው ሁሉ ስሙን ሲያሳይ፣ ዳሱ ውስጥ ሳይቀር ቆሞ ሲያነብ። ስለ ስሙ ሲፎክር ነው የጣላት። ከዚያ በሠራተኞቹ ፊት «ፊርማው የታለ?» አለው ጂሬኛን። አስጠላው። በሕይወቱ ብዙ ነገር አስጠልቶታል፣ እንዲህ ግን ያስጠላው ነገር የለም፤ የራሱ ጠረን የሸተተው መሰለው። ከጎማው ክምር ላይ ቁጭ አለ።

«አመመዎት እንዴ ጋሼ?»

«ውኃ ስጠኝ» አለ። ጠጥቶ፣ «ለሁለት ቀን አውሰኝ፣ እመልስልሃለሁ» አለው። የገዛ መጽሔቱን ሲዋስ! ታፋ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ «እጃቸው ንጹሕ ለሆነ ሰው ብቻ ነው የሚያሳዩት፣ አይደል?» አለ። ጫንያለው እስክሪብቶ አውጥቶ ከፊርማው ሥር «ሰባተኛ፣ ታፋ፣ ከሲሬ» ብሎ ጻፈ። ታፋ ደስ ብሎት ጥርሱ ሁሉ ታየ። ጫንያለው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ለመሲ ደወለላትና ጽሑፉን አጥፊልኝ አላት። አጠፋችው። ለሮቤራ ደወለ፣ ቪዲዮውን አውርድ አለው።

«ጋሼ! ስድስት መቶ ሺህ ሰው ያየውን እንዴት አወርዳለሁ? ደግሞ ሌሎቹም ወስደው ለጥፈውታል።»

«እንግዲያው እርማት አውጣ። ጂሬኛ አልሰረቀም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት በል።»

«እርማት ማን ያያል ጋሼ!» ብሎ ሳቀ።

«መሪና ፍሬን» ስትሳሳት በሚቀጥለው ወር ገጽ ሁለት ላይ «እርማት» ብላ ታወጣ ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ብሎን ቁጥር ተሳስታ ሦስት መስመር ይቅርታ ጠይቃለች። ሰው ደግሞ ያነበው ነበር፤ ጫንያለው ራሱ ቅዳሜ ከሰዓት ጮክ ብሎ አንብቦታል፣ ጂሬኛ ብሎኑን እያሳየ።

ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። ሠራተኞቹ ሲያዩት ሥራቸውን አቆሙ። ሁለት ሹፌሮች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ወደ ጫንያለው ደገነው፣ ሊቀርጽ ነው። ጂሬኛ ከአንድ አይሱዙ ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

«ጂሬኛ።»

እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ጂሬኛ፣ ተገኘች። አንተ መልሰሃል። እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ፊርማህ አለ፣ ፊርማዬም አለ።» ሠራተኞቹ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። «ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነው፣ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ጂሬኛ እየተንፏቀቀ ወጣ። ሸምግሏል፤ ጫንያለው ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቱን በቅርብ አላየውም ነበር። እስከ ክርኑ ጥቁር ዘይት ነው። በሩ አጠገብ የውኃ ጀሪካንና የኦሞ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ጂሬኛ ወደዚያ አላየም። እጁን ዘረጋ።

ጫንያለው እጁን አየ፣ መጽሔቷን አየ። ሰጠው።

ጂሬኛ የኋላ ሽፋኑን አየ። ስሙን፣ ፊርማውን፣ ከሥሩ ቀዩን ጽሕፈት። ከዚያ ገልጦ፣ ገልጦ፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረሰ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ምንም ሳይቸኩል። መጨረሻ ላይ አውራ ጣቱን «ጫንያለው፣ ከነቀምቴ» የሚለው ላይ አሳርፎ ተጫነው። ሲያነሳው ስሙ አይነበብም።

«ይኸው አሻራዬ» አለ። «ፊርማዬን ሰባት ዓመት አላመንከውም።»

መጽሔቷን መለሰለትና ተንበርክኮ ወደ አይሱዙው ሥር ገባ። ሹፌሩ አሁንም ስልኩን እንደደገነ ነው። ጫንያለው ድሮ አንዲት ጠብታ ዘይት ገጽ ላይ ሲያይ በቤንዚን የተነከረ ጥጥ ይዞ የሚሯሯጥ ሰው ነበር። አሁን ሊጠርገው እጁን ወደ ገጹ ሰደደና ተወው። መጽሔቷን እንደተገለጠች በሁለት እጁ ይዞ፣ ዘይቱ ሌላ ገጽ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ ወደ ሱቁ ተመለሰ።